የቀዛፊዋ ድምፅ

የህንድ ፊልም በአማርኛ ትርጉም ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ለምዷል። ልጅቷ እናቷ ሞታባት ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው የአንድ ጎልማሳ ወንድ ድምፅ ነው። «ወይኔ እናቴ! ለማን ጥለሽኝ ሄድሽ!» ይላል፣ ወፍራም ድምፁን ቀጥ አድርጎ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው። የአባትየውንም፣ የወንበዴውንም፣ የሙሽሪትንም፣ የአያትየዋንም ንግግር የሚናገረው እሱው ነው። ማንም አይስቅም። «ይቺን ልጅ ጉሮሮዋን ምን ነካት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔን ግን ይከነክነኝ ነበር፤ ያንን «ወይኔ እናቴ» የጻፍኩት እኔ ነበርኩና።

ስምንት ዓመት ሙሉ መርካቶ አጠገብ በነበረች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ የህንድ ፊልም ተረጎምኩ። ትርጉሙን በእጄ ጽፌ እሰጣለሁ፣ ድምፅ የሚሰጠው ሰውዬ ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ ያነበዋል፣ ሲዲው ላይ የሱ ስም በትልቁ ይታተማል። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ «የሴቶቹን እንኳ እኔ ልናገረው» ብዬ ጠየቅሁ። የስቱዲዮው ባለቤት ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! የሴት ድምፅ ነው ብለው ሲዲውን መልሰው ቢያመጡብኝስ?» አለኝ። ደሜ ፈላ፣ ግን ዋጥ አድርጌው ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። በዚያን ቀን ዝም በማለቴ ራሴን ይቅር ያልኩት ገና በቅርቡ ነው።

ካነሳሁት አይቀር አንድ የማፍርበትንም ልናገር። ስቱዲዮው የቀጠረኝ «ህንድኛ እችላለሁ» ብዬ ነው። ውሸቴን አልነበረም። አሰላ ሳድግ ጎረቤታችን ግቢ ተከራይቶ ይኖር የነበረው የሂሳብ አስተማሪ ህንዳዊ ነበር። ያኔ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ህንዳዊ አስተማሪ አይጠፋም። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት፣ አማርኛ አትችልም፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤታችንን ሥራ ሽሽት እሷ ጋ ዘው እላለሁ። ሽንኩርት ስልጥላት፣ ልጇን ስይዝላት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አፌ ተፈታ። «ቼቺ» እላት ነበር፤ በቋንቋቸው «እትዬ» እንደማለት ነው። ሰፈሩ «ያቺ ልጅ ህንድኛ አቀላጠፈችው» ብሎ አስወራልኝ። እኔም አልተጠራጠርኩም። ህንዶች የሚናገሩት ህንድኛ ነው፤ ሌላ ምን ይናገራሉ?

ታዲያ ስቱዲዮ ገብቼ የመጀመሪያው ፊልም ሲከፈት አንድ ቃል አልገባኝም። አንድም! ክው አልኩ። የማውቀው ቋንቋ ከጭንቅላቴ ውስጥ ተጠርጎ የወጣ መሰለኝ። አልቻልኩም ብዬ መናገር ግን ሞት ነው፤ ትችላለች ተብዬ የገባሁ ሰው ነኝ። ከታች የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እያገዝኩ፣ ፊታቸውን እያየሁ፣ ጽሑፍ የሌለበትን ደግሞ ከራሴ እየፈጠርኩ ጻፍኩት። ስምንት ዓመት እንዲሁ። አገር ምድሩ እኔ በፈጠርኩት ነገር ሲያለቅስ፣ እኔ ልጅነቴን የዋሸሁ እየመሰለኝ ስሳቀቅ ኖርኩ።

ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና ላስ ቬጋስ መጣሁ። አንድ ትልቅ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ሆኜ ዓመታት አለፉ። በፈረንጆቹ 2020፣ በመጋቢት ግድም ከተማው በሙሉ በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። ላስ ቬጋስ መብራት ማጥፊያ እንዳላት ያወቅነው ያኔ ነው። ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ካለው አፓርታማዬ ተቀምጬ የአለቃዬን ስልክ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚደውል ጠፋ። ስለዚህ ለየቤቱ አስቤዛ ማድረስ ጀመርኩ። ስልኬ ያዘዘኝን ገዝቼ፣ በር ላይ አስቀምጬ፣ ፎቶ አንስቼ መሄድ ነው። እስከ ቦልደር ሲቲ ድረስ ወተትና ዳይፐር አመላልሻለሁ።

በግንቦት አንድ ቀን ከጎረቤት ከተማ ከሄንደርሰን፣ ዋተር ስትሪት አጠገብ ካለ ቤት ትእዛዝ መጣልኝ። ከሌላው ሁሉ ሽንኩርቱ ይበዛል። ቀዩ ሽንኩርት ደግሞ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ሌላውን ይዤ በር ላይ ደረስኩ። በተከፈተው መስኮት በኩል የአንድ ትልቅ ሴት ድምፅ ይሰማል፤ ስልክ ላይ በቁጣ ይናገራሉ። «እኔ ጓዝ አይደለሁም! አውሮፕላን ሲነሳ በእግሬ ሄጄ እሳፈራለሁ፤ እስከዚያ ሥራዬን እሠራለሁ!»

ከረጢቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። በስምንት ዓመት፣ በስንት መቶ ፊልም ያልገባኝ ህንድኛ ጥርት ብሎ፣ የአስተማሪው ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ እንደነበርኩ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። በሩ ሲከፈት ነጭ ፀጉራቸውን የጎነጎኑ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ ያወረዱ እመቤት ብቅ አሉ። እኔም ሳላስበው «ኡሊ ኢላ፣ ቼቺ» አልኳቸው። ሽንኩርት የለም፣ እትዬ ማለቴ ነው።

ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ።

«ይህን ማላያላም ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ማላያላም ደግሞ ምንድነው? ህንድኛ ነው እንጂ!» አልኳቸው፣ ትንሽም ቆጣ ብዬ።

የበሩን ጉበን ይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ እዚያው በር ላይ፣ ሁለት ሜትር ተራርቀን እንደቆምን አስረዱኝ። ህንድ ውስጥ ቋንቋ ብዙ ነው። ዓለም የሚያያቸው ጭፈራ የበዛባቸው ፊልሞች የሰሜኑ፣ የሂንዲ ናቸው። የአሰላው አስተማሪና ሚስቱ እንደሳቸው ከደቡብ፣ ከኬረላ የመጡ መሆን አለባቸው፤ ወደ ኢትዮጵያ ከሄዱት አስተማሪዎች ብዙዎቹ ከዚያ ነበሩ። እኔ ያወቅሁት የኬረላን ቋንቋ ነው። አንድ ሰው ጉራጊኛ ተምሮ ትግርኛ ፊልም እንዲተረጉም እንደ መቀጠር ማለት ነው። ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። ስምንት ዓመት ደነዝ ነኝ እያልኩ አንገቴን የደፋሁት ተምሬው በማላውቀው ቋንቋ ነበር። ያን ጊዜ አንገቴን ባልደፋ ኖሮ ስለ ድምፄም እከራከር ነበር።

ቼቺ አልኳቸው፣ ቼቺ ሆነው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ቀን የወንድማቸው ልጅ ቤት በረንዳ ላይ፣ እሳቸው በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ መቀመጥ ጀመርን። ፊልም ፕሮዲውሰር ናቸው። ባላቸው በአንድ ትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት ነበራቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ሲኒማ ቤቱን ሸጠው ፊልም መሥራት ያዙ። ሠላሳ ዓመት ዘጠኝ ፊልም። ፊልሞቹን በሻንጣ ይዘው ዶሃ፣ ናይሮቢ፣ ለንደን፣ ቶሮንቶ ዞረዋል። የኬረላ ሰው ያለበትን ከተማ ብቻ አይደለም የሚያንኳኩት፤ የማያውቃቸው ሰው እንዲያይላቸው ነው የሚፈልጉት። በየደረሱበት የሲኒማ ቤት ባለቤቶች የሚጠይቋቸው ግን አንድ ነገር ነው። «ጭፈራው የት አለ?»

«ህንድ አገር ሰው ሁሉ ሲጨፍር የሚውል ይመስላቸዋል» አሉኝ ቼቺ። «እኔ ዘጠኝ ፊልም ሠርቼ አንድ ሰው አላስጨፈርኩም። አላስጨፍርምም!»

ላስ ቬጋስ የመጡት የፊልም ገዢዎች ለሚሰበሰቡበት ገበያ ነበር። ከተማው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ደረሱ። ገዢዎቹ ቀሩ፣ ሰማዩ ተዘጋ፣ እሳቸውም ከአንድ ሻንጣና ከአንድ ፊልም ጋር ሄንደርሰን ተተከሉ። ፊልሙ የአንዲት አሮጊት ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታሻግር ኖራ ወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራል። ተሳፋሪው በሙሉ ወደ ድልድዩ ይሄዳል። እሷ ግን በየጠዋቱ ባዶ ጀልባዋን እየቀዘፈች ተሻግራ ትመለሳለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

እኔም ስለኛ ነገርኳቸው። በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት፣ በየሳሎኑ፣ እናት ከልጅ ተቀምጦ በህንድ ፊልም ሲያለቅስ እንደኖረ ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። «ታዲያ እንደዚያ የምትወዱን ከሆነ አንድም የኔን ፊልም ለምን አላያችሁም?» አሉኝ።

«ጭፈራ የለውማ!» አልኩ።

የተደገፉትን ትራስ ወረወሩብኝ። ትንሽ ቆይተው ግን «ተርጉሚዋ» አሉ። «ይህን ፊልም ወደ ቋንቋሽ መልሺው።»

«ድምፁንስ ማን ይሰጣል?»

«ማን ይሰጣል ትያለሽ እንዴ? አንቺ ነሻ!»

እንዲህ በቀላሉ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ከረጢቴን ሰብስቤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ያን ቀን ከራሴ ጋር ተማማልኩ፤ ይህ ፊልም በኔ ድምፅ ይወጣል ወይም አይወጣም።

ስቱዲዮ ሁሉ ዝግ ስለነበር የቀዳነው የወንድማቸው ልጅ ጋራዥ ውስጥ፣ በቆመ መኪና ነው። መኪና ውስጥ ድምፅ አይበታተንም። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ ማይክራፎኑን መሪው ላይ አሰርን፣ ኮምፒዩተሩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥን። ጊዜው ሐምሌ ነው። ኤሲው ድምፅ ስላለው ይጠፋል። ላስ ቬጋስን በሐምሌ የሚያውቅ ሰው ብርድ ልብስ በተከናነበ መኪና ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ቼቺ ከውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው በጆሮ ማዳመጫ ይሰማሉ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቆየሁ በሩን በርግደው እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ይጥሉብኛል።

የተጣላነው በሙቀቱ ሳይሆን በዝምታው ነው። ድልድዩ የተመረቀ ዕለት ቀዛፊዋ ጀልባዋን ታስርና ጫፉ ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ደቂቃ ምንም አይወራም። በኛ ሥራ ደግሞ ተርጓሚ ዝም አይልም። ተዋናይ ዝም ሲል ተርጓሚው ይገባና ያብራራል፤ «አሁን እያሰበ ነው»፣ «ይህን ጊዜ የድሮ ፍቅሩ ትዝ አለው» ይላል። ልማዱ ነው፤ ዝም ከተባለ ሰው ሲዲው የተበላሸ ይመስለዋል። እኔም በለመደ አፌ ጀመርኩ። «ልቧ በሐዘን ተሰብሯል። ያ ሁሉ ሰው ረስቷት ሄደ። እሷ ግን...»

የመኪናው መስታወት ተንኳኳ።

«ማነው የሚያወራው?» አሉ ቼቺ።

«እኔ።»

«እሷ ተናግራለች?»

«አልተናገረችም።»

«ታዲያ አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

የአገሬን ልማድ አስረዳኋቸው። ሰው እንደሚጮህ፣ እንደሚሰለች፣ ተነስቶ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። «ይሂዳ!» አሉ። «ፊልሙን ሙሉ የሠራሁት ለእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ነው። አንዴ እንኳ በራሳቸው ዓይን ይዩዋት።» ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአራተኛው ቀን ብቻዬን ያቺን ቦታ ያለ ድምፅ አየኋት። ሴትየዋ ገመዱን ስትነካካ፣ ቀና ብላ ድልድዩን ስታይ፣ ድልድዩ ላይ ያለ አንድ ሕፃን እጁን ሲያውለበልብላትና እሷ መልሳ ሳታውለበልብ ስትቀር አየሁ። የስምንት ዓመት ወሬዬ ይህን የመሰለ ስንት ነገር እንደሸፈነ አስቤ ተሸማቀቅሁ። ሄጄ ወሬውን አጠፋሁት።

መጨረሻው አካባቢ አንድ ሹም መጥቶ ጀልባዋ እንደምትወሰድ ይነግራታል። ፊልሙን ሙሉ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ያኔ ብቻ ትጮሃለች። «ድልድይ ስጡኝ ብዬ ለምኛችሁ አላውቅም! ወንዙን ስሻገር የኖርኩት እናንተ እስክትመጡልኝ እየጠበቅሁ መሰላችሁ?» ትላለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ። በሴት ድምፅ፣ በሴት ጉሮሮ፣ በሚንቀጠቀጥ ከንፈር። አንዴ ብቻ ነው የቀዳሁት። ስወጣ ቀሚሴ ከላቡ የተነሳ ይጨመቅ ነበር፤ ቼቺ ፎጣውን ሰጡኝ።

ነሐሴ ላይ በሌላ ስቴት ለሚኖር አንድ ያገሬ ሰው ላክሁለት። ኢንተርኔት ላይ የትርጉም ፊልም የሚያሳይ ቻናል አለው፤ ተመልካቹ ስፍር ቁጥር የለውም። በሁለተኛው ቀን ደወለ።

«እህቴ፣ ፊልሟ ቆንጆ ናት» አለኝ። «ግን ቮይሱ ሴት ሲሆን ሰው ስኪፕ ያደርገዋል። አንድ ቆፍጣና ወንድ እናስገባበታለን። መሀል ላይ ደግሞ ሁለት ዘፈን አድ እናደርጋለን፣ ያለዚያ የህንድ ፊልም አይመስልም። አንቺ ስክሪፕቱን ብቻ ሴንድ አድርጊልኝ።»

ለቼቺ ነገርኳቸው። ስለ ዘፈኑ ሳልጨርስ «በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም!» አሉ። ስለ ድምፁ ስነግራቸው ግን ጓሮውን እያዩ «የድምፁን ነገር ይለውጡት» አሉኝ። «ዘፈኑን ካስቀረልን ድምፁን እንስጠው። ለመስከረም አውሮፕላን ላይ ቦታ አግኝቻለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ሰው ይይልኝ፣ በወንድ ድምፅም ቢሆን ይይልኝ።»

ከመርካቶው ባለቤት ቢመጣ አይገርመኝም። ከሳቸው ሲመጣ ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። ተነስቼ ቆምኩ። ለትልቅ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን አደረግሁት።

«ቼቺ፣ እርስዎ ጭፈራ አልጨምርም ብለው ሠላሳ ዓመት በየአገሩ በር ሲዘጋብዎት ኖረዋል። ያ እምቢታ ክብር ነው። የኔ እምቢታ ሲሆን ምን ሆኖ ነው የሚለወጠው?»

«ፊልሙ የኔ ነው» አሉ፣ ሳያዩኝ።

«አማርኛው ደግሞ የኔ ነው!»

የጻፍኩበትን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ። ለሰውዬውም ስክሪፕቱን አልላክሁም። ቼቺ በመስከረም ሲሄዱ አልሸኘኋቸውም። በዚያ በሽታ ዘመን፣ በዚያ ዕድሜ፣ ያን ያህል መንገድ ሲሄዱ ደህና ግቡ አለማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ደብተሩን ይዤ መውጣቴ ግን አይቆጨኝም።

የአሜሪካ ክረምት አልፎ ሆቴሉ መልሶ ጠራኝ። በ2021 ጸደይ እንደገና አልጋ አነጥፍ ነበር። አንድ ቀን አንሶላ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ምሳዬን ስበላ ስልኬ ጠራ፤ ቁጥሩ የህንድ ነው።

«ያ የቻናሉ ሰውዬ ራሱ አስተርጉሞ ናሙና ላከልኝ» አሉ ቼቺ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። «ዘፈን አላስገባበትም። በወንድ ድምፅ ነው። ቁጭ ብዬ ሰማሁት። አንድ ቃል አልገባኝም። ግን ጀልባዋ ጫፍ ላይ የተቀመጠችበት ቦታ ስደርስ ያወራል! እሷ ዝም ብላለች፣ እሱ ያወራል፣ ያወራል፣ ያወራል!»

«ልማዳችን ነው፣ ነግሬዎት ነበር እኮ» አልኩ።

«አልፈቅድም ብዬዋለሁ። ፊልሜን አይወስድም።» ትንፋሻቸው በስልኩ ይሰማኛል። «አንቺ ዝም ማለትን በዚያ መኪና ውስጥ በስንት ላብ ተማርሽው። እኔ ደግሞ ድምፅሽን እንደ ትርፍ ዕቃ ልሰጥብሽ ነበር። አጠፋሁ፣ ልጄ። ባለሽበት አሳዪው። ሦስት ሰውም ቢመጣ በድምፅሽ አሳዪው።»

ሳንድዊቼን እንደያዝኩ ተነፋረቅሁ። የወለሉ ኃላፊ መጥታ «አር ዩ ኦኬ?» ስትለኝ በማላያላም መለስኩላት።

ሰኔ ላይ ምግብ ቤቶች በደንብ ሲከፈቱ አንዱን የኛን ሰው ምግብ ቤት እሑድ ወደ ማታ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ለሁለት ሰዓት ለመንኩ። ባለቤትየዋ ፈቀደችልኝ። መጋረጃ ጋርደን ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርን፣ ወንበሮቹን አራራቅናቸው። ወደ አርባ ሰው መጣ። ታክሲ ነጂዎች፣ የካዚኖ ካርታ አከፋፋዮች፣ ሺፍታቸውን የቀየሩ ክፍል አጽጂ ጓደኞቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን በዚያው የመጡ ባለ ሱፎች። «የህንድ ፊልም በነጻ» ብዬ ነው የጠራኋቸው። ቼቺን በስልክ ቪዲዮ አቁሜያቸዋለሁ፤ እሳቸው ጋ ሊነጋጋ ነው። ስልኩን ወደ ፊልሙ ላዞር ስል «ፊልሙን አውቀዋለሁ፣ ሰዎቹን አሳዪኝ» አሉ።

ድምፄ ሲጀምር ሳቅ ሆነ። «እንዴ፣ ሴት ናት!» አለ አንዱ ከኋላ። እጄን ጉልበቴ ላይ ጨብጬ ተቀመጥኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሳቁ ቀዘቀዘ፤ ሰው ታሪኩ ውስጥ መግባት ጀመረ። ከዚያ ያቺ ሁለት ደቂቃ ደረሰች። ቀዛፊዋ ጀልባዋን አሰረች። ተቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ታክሲ ነጂ ከመሀል ተነሱ።

«ድምፅ ጠፋ! ሳውንዱን ቼክ አድርጉት እንጂ!»

ሌሎችም ማጉረምረም ጀመሩ። ሁለት ሰዎች ተነስተው ወጡ። ባለቤትየዋ ወደ ኮምፒዩተሩ ልትሄድ ስትል እኔ ቀድሜያት መሀል ቆምኩ።

«አልጠፋም» አልኩ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ። እሷን ይዩዋት።»

ለትልቅ ሰው እንዲህ ስናገር ሁለተኛዬ ነው። ጋሼ እየተነጫነጩ ተቀመጡ። የቀሩት ሰዎች ግራ እየገባቸው ወደ አንሶላው ዞሩ። ድልድዩ ላይ ያለው ሕፃን እጁን ሲያውለበልብ ከክፍል አጽጂ ጓደኞቼ አንዷ «አውለብልቢለት እንጂ!» አለች በሹክሹክታ። ዝምታውን እኔ ሳላወራበት እሷ ራሷ ገባችበት። በቃ፣ የፈለግሁት ይኸው ነበር።

ሹሙ መጥቶ ጀልባዋ ትወሰዳለች ሲል፣ እኔም ከአንሶላው ላይ በገዛ ድምፄ ስጮህና ሳለቅስ፣ ያቺው ጓደኛዬ ማስኳን አውልቃ ዓይኗን ጠረገችበት። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት አንድ አባት «ጌታ ሆይ» አሉ ለራሳቸው። የሳቀ አልነበረም።

መብራት ሲበራ ያጨበጨቡ አጨበጨቡ፣ ያላጨበጨቡም አሉ። ጋሼ ኮፍያቸውን እያሻሹ ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ኮስተር ብሏል፣ ዓይናቸው ግን ቀልቷል።

«ፊልሟ ጥሩ ናት» አሉኝ። «ሴትየዋን ተናገርሽላት፣ እሺ። አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም። ያንን ሹም፣ ያንን የሚያህል ባለ ጢም ወንድ፣ አንቺ ነሽ የምትናገሪለት? ወንድ ልጅ በሴት ድምፅ ሲናገር ነውር አይደለም?»

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያ ሰውዬ ሙሽሪትን ሲናገርላት፣ እናትየዋን ሲያለቅስላት እርስዎ ምን አሉ?»

ኮፍያቸውን አናታቸው ላይ ደፉ። «አላሰብኩትም ነበር» አሉ፣ እውነታቸውን።

ቼቺ ከስልኩ ውስጥ «ምንድነው የሚለው ሰውዬ?» እያሉ ይጮሃሉ። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። እንደዚያ በር ላይ እንደነበረው ቀን ሳይሆን ቀስ ብለው፣ ረክተው ነው የሳቁት። ከዚያ ቆፍጠን አሉና አሥረኛውን ፊልማቸውን ሊጀምሩ እንደሆነ ነገሩኝ።

«በመርከብ ላይ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው» አሉ። «አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች። የአሥራ አንዱንም ድምፅ የምትሰጪው አንቺ ነሽ።»